በቀይ የተጻፈው ቁጥር፦ ስለ ደም ካልሲየም ልኬት ጥቂት ማብራሪያ

እንዲህ ባለው ገጽ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚነበበው ፖለቲካ ነው። እኔ ዛሬ ይዤ የቀረብኩት ግን ስለ ደም ነው፤ ያውም በደም ውስጥ ስላለ አንድ ንጥረ ነገር፣ ስለ ካልሲየም። ሐኪም አይደለሁም። ሙያዬ ኢንጂነሪንግ ነው፤ እንጀራዬን የማገኘውም ከመለኪያ መሣሪያዎች ጋር ስታገል ነው። ስለዚህ ሕክምና የሚፈልግ ሐኪሙን ይጠይቅ። የእኔ ጉዳይ ልኬት ነው፤ አንድ ቁጥር ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደሚናገርና መቼ እንደሚያሳስት። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ለመጻፍ ያነሳሱኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፣ ከ2021 ወዲህ የአሜሪካ ሕግ የላብራቶሪ ውጤት ሳይዘገይ ለታካሚው እንዲደርስ ስለሚያዝ፣ ልጆቻችን የወላጆቻቸውን የደም ውጤት ከሐኪሙ እኩል፣ አንዳንዴም ቀድመው በስልካቸው ማንበብ ጀምረዋል። ሁለተኛው፣ እዚህ ያለነው ሰዎች አገር ቤት ላለ አንድ ሆስፒታል የደም መመርመሪያ ማሽን ገዝተን እንላክ ብለን ገንዘብ በማሰባሰብ ላይ መሆናችን ነው። ሁለቱ የሚገናኙበትን ቦታ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ የልጅቱን ነገር ላንሳ። ባለፈው ክረምት በማኅበረሰባችን የተከበሩ አንድ አባት አንጀታቸው በድንገት ታጥፎ ቀዶ ጥገና ተደረገላቸውና ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ። በሦስተኛው ቀን ማታ ልጃቸው ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ አንተ ቁጥር ታውቃለህ። የአባባ ካልሲየም 7.1 ሆኗል፤ በቀይ ጽፈውታል። ነርሷን ብጠይቃት አውቀነዋል ትለኛለች እንጂ ምንም አልሰጡትም። ሐበሻ ስለሆንን ነው?» አለችኝ። ጥያቄዋን አልናቅሁትም፤ በባዕድ አገር የታመመ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ነገር ግን ሌላውን ገጽ፣ «የደም ጋዝ» የሚለውን እንድትከፍት ነገርኳት። እዚያ ውስጥ አዮናይዝድ ካልሲየም የሚል መስመር ነበር፤ ቁጥሩም 1.14፣ ቀለሙም ጥቁር። ሐኪሞቹ ዝም ያሉት ያንን ስላዩ ነው።

ለመሆኑ አንድ ሰው እንዴት ሁለት ካልሲየም ይኖረዋል?

ነገሩን በእቁብ ማስረዳት ይቀላል። አንድ ሰው ሀብቱ ስንት እንደሆነ ቢጠየቅ በኪሱ ያለውን፣ እቁብ የገባውንና ለወዳጁ ያበደረውን ደምሮ ይናገራል። ዛሬ ሱቅ ሄዶ ዳቦ የሚገዛው ግን በኪሱ ባለው ብቻ ነው። በደማችን ፈሳሽ ውስጥ ካለው ካልሲየም ግማሽ ያህሉ በነጻ የሚንቀሳቀስ ነው፤ ይህ የኪስ ገንዘብ ነው። 40 በመቶ የሚሆነው ከፕሮቲን ጋር፣ በተለይ አልቡሚን ከሚባለው ጋር ተጣብቆ ይኖራል፤ ይህ እቁብ ነው። ቀሪው 10 በመቶ ገደማ እንደ ፎስፌትና ሲትሬት ካሉ ነገሮች ጋር የተያያዘ ነው፤ ይህ ብድር ነው። ልብን የሚያስመታው፣ ጡንቻን የሚያኮማትረው፣ ደምን የሚያረጋው የኪሱ ነው። የተለመደው የላብራቶሪ ምርመራ ግን ሦስቱንም ደምሮ «ጠቅላላ ካልሲየም» ብሎ ያወጣል፤ ጤነኛ ሰው ላይ ከ8.5 እስከ 10.5 ሚሊግራም በዴሲሊትር አካባቢ ነው። ነጻው ለብቻው ሲለካ ከ1.1 እስከ 1.3 ሚሊሞል በሊትር አካባቢ ይሆናል። መለኪያዎቹ የተለያዩ መሆናቸው ደግሞ ቤተሰብን ይበልጥ ያደናግራል፤ 4 ሚሊግራም በዴሲሊትር 1 ሚሊሞል በሊትር ነው ብላችሁ ያዙት።

ጤነኛ ሰው ላይ ይህ ሁሉ ልዩነት አያስጨንቅም። የሦስቱ ድርሻ ስለማይናወጥ ድምሩን ያወቀ የኪሱን ያውቃል። ከባድ ቀዶ ጥገና የተደረገለት በሽተኛ ግን ሌላ ነው። በሕመሙ ኃይልና በሚፈስለት ፈሳሽ ብዛት አልቡሚኑ በቀናት ውስጥ በግማሽ ሊወርድ ይችላል። እቁቡ ፈረሰ ማለት ነው፤ ጠቅላላ ሀብቱ ቀነሰ፤ ኪሱ ግን እንዳለ ነው። የእኚያ አባት ነገር ይኸው ነበር።

ሐኪሞች ይህንን ከጥንት ያውቃሉ። ለዚህም ነው በ1973 እንግሊዝ አገር ፔይንና ባልደረቦቹ ያወጡት ማስተካከያ በመላው ዓለም የተለመደው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ አልቡሚን ከ4 ምን ያህል እንደጎደለ አይቶ፣ ጉድለቱን በ0.8 አባዝቶ፣ በጠቅላላው ካልሲየም ላይ መደመር ነው። የእኚያ አባት አልቡሚን 1.9 ነበር። ጉድለቱ 2.1፣ በ0.8 ሲባዛ 1.7 ገደማ፣ 7.1 ላይ ሲደመር 8.8። «ደህና ነው» ይላል ስሌቱ፤ በእሳቸው ላይ ደግሞ እውነቱን ተናገረ።

ችግሩ ሁልጊዜ እንዲህ አለመሆኑ ነው። ማስተካከያው የሚመለከተው የእቁቡን መጠን ብቻ ነው፤ እቁቡ ገንዘቡን አጥብቆ መያዙንና ላልቶ መልቀቁን አያይም፤ ብድሩንም ጨርሶ አይቆጥርም። በ2004 ዲከርሰንና ባልደረቦቹ 100 ከባድ አደጋ የደረሰባቸውን ሕሙማን ወስደው 22 የተለያዩ የስሌት ዘዴዎችን ከቀጥተኛው ልኬት ጋር ሲያመሳክሩ፣ ዘዴዎቹ ነጻ ካልሲየማቸው በእውነት የወረደባቸውን አብዛኞቹን ሕሙማን ሳያዩ አልፈዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1985 ዛሎጋና ቸርናው የሚባሉ ሐኪሞች ከነባልደረቦቻቸው በጽኑ የታመሙ የቀዶ ጥገና ሕሙማንን አጥንተው የድሮውን የስሌት ሰንጠረዥ ወጥመድ መሆኑን ጽፈው ነበር። እንደ ኢንጂነር ስናገር፣ 22 ስሌት የተፈለሰፈለት ነገር አንድም ጥሩ ስሌት እንደሌለው ራሱ ምስክር ነው።

እዚህ ላይ ያ የድሮ ሰንጠረዥ ከየት እንደመጣ ባወራ አይከፋችሁ ይሆናል፤ ታሪኩ ደስ ስለሚል ነው። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ለንደን ውስጥ ሲድኒ ሪንገር የሚባል ሐኪም የእንቁራሪት ልብ አውጥቶ በጨው ውሃ ውስጥ እንዲመታ ያደርግ ነበር። የጨው ውሃው በቧንቧ ውሃ ሲበጠበጥ ልቡ መምታቱን ይቀጥላል፤ በተጣራ ውሃ ሲበጠበጥ ግን ይደክምና ይቆማል። ልዩነቱ የለንደን ቧንቧ ውሃ ውስጥ የነበረው ካልሲየም ሆኖ ተገኘ። በየሆስፒታሉ ተሰቅሎ የምናየው «ሪንገር ላክቴት» ስሙን ያገኘው ከዚህ ሰው ነው። ከሃምሳ ዓመት በኋላ፣ በ1934፣ ማክሊንና ሄስቲንግስ የሚባሉ አሜሪካውያን ይህንኑ የእንቁራሪት ልብ መለኪያ መሣሪያ አደረጉት። የበሽተኛውን ፈሳሽ ልቡ ላይ ያፈሳሉ፤ አመታቱን መጠኑ ከታወቀ የካልሲየም ውሁድ ጋር ያስተያያሉ። ልቡ የሚያውቀው ነጻውን ብቻ ነውና ልኬቱ ትክክለኛ ነበር። ግን የትኛው ሆስፒታል ነው በየሌሊቱ እንቁራሪት የሚያርደው? ስለዚህ ከጠቅላላው ካልሲየምና ከፕሮቲን ተነስቶ ነጻውን የሚገምት ሰንጠረዥ ሠሩ። ሰንጠረዡ ሃምሳ ዓመት አገለገለ።

እንቁራሪቷን ያሳረፋት በ1967 ጄምስ ሮስ የሚባል ሰው ይፋ ያደረገው ካልሲየምን ለይቶ የሚያውቅ ኤሌክትሮድ ነው። ይህ በእኔ ሙያ ክልል ስለሆነ ትንሽ ታገሡኝ። ካልሲየምን ብቻ የሚቀበል ስስ ሽፋን አለ። በአንድ ወገን መጠኑ የታወቀ ፈሳሽ፣ በሌላ ወገን የበሽተኛው ደም ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለው የካልሲየም ልዩነት የኤሌክትሪክ ግፊት ይፈጥራል፤ ማሽኑ የሚያነበው ይህንን ግፊት ነው። በሰውነት ሙቀት፣ ካልሲየሙ አሥር እጥፍ ሲለወጥ ግፊቱ የሚለወጠው ወደ 31 ሚሊቮልት ብቻ ነው። አሁን አስቡት፤ በጤነኛው 1.2ና አሳሳቢ መሆን በሚጀምረው 1.0 መካከል ያለው ልዩነት 2.4 ሚሊቮልት ገደማ ነው። መሣሪያው በ1 ሚሊቮልት ከሳተ ውጤቱ በ8 በመቶ ያህል ይዛባል። ስለዚህ ይህ ማሽን በየጊዜው መጠናቸው በታወቁ ፈሳሾች ራሱን ካላስተካከለ ቁጥር ይሰጣል እንጂ ልኬት አይሰጥም። ይህን ነጥብ በልባችሁ ያዙልኝ፤ ስለ ገንዘብ ማሰባሰቡ ስናወራ ያስፈልገናል።

ነጻ ካልሲየም ሌላም አመል አለው። ከደሙ አሲድነት ጋር ይወጣል ይወርዳል። ደሙ አሲድነቱ ሲቀንስ አልቡሚን ካልሲየሙን አጥብቆ ይይዛል። ፒኤች በ0.1 ከፍ ሲል ነጻው በ0.05 ሚሊሞል ገደማ ይቀንሳል። ሰው ደንግጦ ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ ከንፈሩና ጣቱ የሚደነዝዘው በከፊል ለዚህ ነው። ከዚህ የሚከተለው ነገር ለላብራቶሪ ሰዎች ራስ ምታት ነው። ናሙናው አየር ከነካው ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይተንናል፣ ፒኤቹ ይወጣል፣ ካልሲየሙ ዝቅ ብሎ ይነበባል። ሳይመረመር ብዙ ከቆየ ደግሞ የደም ሕዋሳቱ ስኳር እያቃጠሉ አሲድ ያመርታሉ፤ ካልሲየሙ ከፍ ብሎ ይነበባል። በሲሪንጅ ውስጥ ደሙ እንዳይረጋ የሚደረገው ሄፓሪንም ራሱ ካልሲየም ይይዛል፤ ፈሳሽ ከሆነ ደግሞ ናሙናውን ያቀጥነዋል። ስለዚህ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ደረቅ ሄፓሪን ያለበት ሲሪንጅ ያስፈልጋል። ሐምራዊ ክዳን ባለው ለደም ቆጠራ በሚውለው ብልቃጥ ውስጥ ያለው ኬሚካል ደግሞ ካልሲየምን ጠራርጎ ይይዛል፤ ከዚያ ወደ ሌላ ብልቃጥ ጥቂት ጠብታ ከተገለበጠ ካልሲየም እጅግ ወርዶ ፖታሲየም እጅግ ወጥቶ ይታያል። እንዲህ ያለ ጥምር ውጤት ሲያዩ ልምድ ያላቸው የላብራቶሪ ባለሙያዎች በሽተኛውን ሳይሆን ብልቃጡን ይጠረጥራሉ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። እስካሁን ያየነው ጠቅላላው ወርዶ ነጻው ደህና የሆነበትን ነው። ተቃራኒው፣ ጠቅላላው ደህና መስሎ ነጻው የወደቀበት፣ የሚገድለው ይኸኛው ነው።

እዚህ ሲያትል ፈርስት ሂል ላይ ያለው ሃርበርቪው ሆስፒታል ከዋሽንግተን፣ ከአላስካ፣ ከሞንታናና ከአይዳሆ ጭምር በአደጋ የተጎዱ ሰዎች የሚመጡበት ነው። (ብዙዎቻችን የምናውቀው በሌላ ምክንያት ነው፤ በ1994 የጀመረውና በአማርኛ፣ በትግርኛና በኦሮምኛ የጤና መረጃ የያዘው ኢትኖሜድ የተወለደው እዚያ ነው።) እንዲህ ባለ ቦታ ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው በሰዓት ውስጥ አሥርና ከዚያ በላይ ከረጢት ደም ሊሰጠው ይችላል። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ደም እንዳይረጋ ሲትሬት ይጨመርበታል። ሲትሬት ሥራውን የሚሠራው ካልሲየሙን በመያዝ ነው። ጤነኛ ጉበት አንድ ከረጢት ውስጥ ያለውን ሲትሬት በደቂቃዎች ውስጥ ያቃጥለዋል። ደም አጥቶ የበረደ፣ ጉበቱም የተጎዳ ሰው ግን አይችልም። ሲትሬቱ ይጠራቀምና የኪሱን ገንዘብ በሙሉ ያበድርበታል። ካልሲየም ለደም መርጋት ግዴታ የሚያስፈልግ ነው፤ ባለሙያዎች አራተኛው ፋክተር ይሉታል። ስለዚህ ደም ስለፈሰሰው ደም ይሰጠዋል፤ የተሰጠው ደም ካልሲየሙን ይይዝበታል፤ ካልሲየም ሲያጣ ደሙ አይረጋም፤ ስለማይረጋም ይፈስሳል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኸ ነው። በዚህ ሁሉ መሃል ጠቅላላ ካልሲየሙን ብትለኩት ብድሩም አብሮ ስለሚቆጠር ደህና፣ አንዳንዴም ከፍ ያለ ሆኖ ታገኙታላችሁ። እንዲያውም ሐኪሞች ጠቅላላውንና ነጻውን በአንድ መለኪያ አድርገው ያካፍላሉ፤ ውጤቱ ከ2.5 በላይ ሲሆን ሲትሬት እየተጠራቀመ ነው ብለው ይጠረጥራሉ።

ይኸው ሲትሬት በኩላሊት እጥበት ላይም ይመጣል። የእጥበት ነገር ሲነሳ ሲያትል ዝም አትልም። በ1960 ቤልዲንግ ስክሪብነር በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ኢንጂነሩ ዌይን ኩዊንተን ከሠራው የቴፍሎን ቱቦ ጋር ክላይድ ሺልድስ የተባለውን ሠራተኛ በተከታታይ ማጠብ የጀመረው እዚህ ከተማ ነው። ዛሬ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ቀንና ሌሊት በሚሠራው የእጥበት ማሽን ውስጥ ደሙ እንዳይረጋ ሲትሬት ይገባል፤ ማጣሪያው አጠገብ ነጻ ካልሲየሙ ሆን ተብሎ ወደ 0.3 ዝቅ ይደረጋል፤ ወደ ሰውየው ሲመለስ ካልሲየም ተጨምሮ ይካካሳል። ሁለት ቦታ እየለኩ መንዳት ነው። ነጻውን የሚለካ መሣሪያ ከሌለ ይህ ሥራ ባይሞከር ይሻላል።

«እንግዲያውስ የወረደበት ሁሉ ካልሲየም ይሰጠዋ!» የሚል አይጠፋም። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ብዙ ጽኑ ሕሙማን ነጻ ካልሲየማቸው በመጠኑ ወርዶ በኋላ ራሱ ይመለሳል። በ2008 የወጣ የኮክሬን ዳሰሳ ለጽኑ ሕሙማን በደም ሥር ካልሲየም መስጠት ሞትን እንደሚቀንስ ግልጽ ማስረጃ አላገኘም። በ2021 ዴንማርክ ውስጥ ልባቸው ለቆመ ሰዎች ካልሲየም በመስጠት የተደረገው ሙከራ፣ ካልሲየሙ የሚጎዳ የሚመስል ምልክት ስለታየ ከጊዜው በፊት ተቋርጧል። ብዙ ደም እየተሰጠው ያለ ሰው ግን ሌላ ነው፤ እዚያ ላይ መለካትና መተካት የተለመደ አሠራር ሆኗል። የሚሰጠው መድኃኒት ዓይነትም ልዩነት አለው። 10 ሚሊሊትር ካልሲየም ክሎራይድ በተመሳሳይ መጠንና ጥንካሬ ካለው ካልሲየም ግሉኮኔት ሦስት እጥፍ ያህል ካልሲየም ይዟል። «አንድ አምፑል ተሰጠው» የሚል ቃል ብቻውን ትርጉም የለውም ማለት ነው።

ደግሞ አንድ ወዳጄ ጤፍ ካልሲየም ስላለው እንጀራ እንውሰድላቸው ብሎኝ ነበር። ጤፍ ካልሲየም እንዳለው እውነት ነው። ሰውነታችን ውስጥ ግን ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ካልሲየም አጥንት ላይ ተቀምጧል፤ የጽኑ ሕመምተኛ ችግር የጎተራ ሳይሆን የኪስ ነው። እንጀራውን ግን ይውሰድ፤ ለአስታማሚዎቹ ያስፈልጋል።

ወደ አገር ቤት ስንመጣ ጉዳዩ እንቅርት በሚል ስም ይታወቃል፤ አሁን ግን ተረቱን ሳይሆን በሽታውን ማለቴ ነው። በደጋው አገራችን አዮዲን በማጣት የሚመጣ እንቅርት ለዘመናት የኖረ ነው። ከ1998ቱ ጦርነት በኋላ በአሰብ በኩል ይመጣ የነበረው አዮዲን ያለው ጨው ተቋረጠ፤ በ2011 የተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የሚጠቀሙት ቤተሰቦች 15 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳየ። በ2016 ግን ወደ 89 በመቶ ደርሷል። ጨው ቢስተካከልም ያደገ እንቅርት ስለማይመለስ የእንቅርት ቀዶ ጥገና ዛሬም በብዙ ሆስፒታሎቻችን የተለመደ ነው። ከታይሮይድ ጀርባ የምስር ፍሬ የሚያካክሉ አብዛኛውን ጊዜ አራት የሆኑ ፓራታይሮይድ ዕጢዎች አሉ፤ የደም ካልሲየምን የሚቆጣጠሩት እነሱ ናቸው። በቀዶ ጥገናው ጊዜ ከተጎዱ ካልሲየም ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይወርዳል። ይህ ደግሞ ታካሚዋ «ዳንሽ» ተብላ አውቶቡስ የምትሳፈርበት ሰዓት ሊሆን ይችላል። አፏ ዙሪያ ይደነዝዛታል፣ ጣቶቿ ይኮማተራሉ፣ ሲብስም ያንቀጠቅጣታል፣ የልቧ ምት ይዛባል።

ማሽን በሌለበት ሐኪሙ ባዶ እጁን አይደለም። የደም ግፊት መለኪያውን ክንድ ላይ አስሮ ከላይኛው ግፊት በላይ ነፍቶ ሦስት ደቂቃ ይጠብቃል፤ እጅ እንደ አዋላጅ እጅ ከተኮማተረ ምልክቱ ግልጽ ነው። ስሙ የትሩሶ ምልክት ይባላል፤ ካሊብሬሽንም ሬጀንትም አይጠይቅም። ራሱን ስቶ በመተንፈሻ ማሽን ላይ ላለ ሰው ግን ይህ አይበቃም፤ ደነዘዘኝ ብሎ መናገርም አይችልም።

«ሬጀንት የለም» ተብሎ አስታማሚ የደም ብልቃጥ ይዞ ወደ ግል ላብራቶሪ የሚሮጥበትን ሁኔታ የማያውቅ ሐበሻ የለም። ጠቅላላ ካልሲየም እንዲህ ቢጓዝ ይችላል። ነጻው ግን መንገደኛ አይደለም። በአዲስ አበባ መኪና መጨናነቅ ውስጥ አንድ ሰዓት በኪስ የተጓዘ ናሙና የሚናገረው ስለ በሽተኛው ሳይሆን ስለ መንገዱ ነው። ስለዚህ መለኪያው አልጋው አጠገብ መሆን አለበት።

ወደ ስብሰባችን ልመለስ። የታሰበው እንደ አይ-ስታት ያለ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ወይም ትልቅ የደም ጋዝ ማሽን መግዛት ነው። እጅግ የተቀደሰ ሐሳብ ነው። ነገር ግን በእጅ የሚያዘው መሣሪያ ለእያንዳንዱ ምርመራ አንድ ካርትሪጅ ይበላል፤ ካርትሪጁ ፍሪጅ ይፈልጋል፣ የሚያልፍበትም ቀን አለው። ትልቁ ማሽን ደግሞ ቢሠራም ባይሠራም ራሱን ሲያስተካክል ፈሳሽ ይጨርሳል፤ ከላይ ያወራነው 1 ሚሊቮልት ዋጋው ይኸ ነው። ማሽኑ ፈረስ ነው፣ ካርትሪጁ ገብስ። ገብሱ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። ይህንን ስናገር አንድ አባት «ልጄ፣ ማሽን ስናስረክብ ፎቶ እንነሳለን፤ ከካርትሪጅ ጋር ማን ፎቶ ይነሳል?» ብለው ሁላችንንም አሳቁን። ቀልዳቸው ግን ብዙ የተለገሰ ዕቃ መጋዘን ውስጥ አቧራ የሚጠጣበትን ምክንያት በትክክል ይነግረናል።

እኔ ያቀረብኩት ሐሳብ ከተሰበሰበው ገንዘብ ከሲሶው ያልበለጠው ለመሣሪያው፣ ቀሪው ለሦስት ዓመት ካርትሪጅና ለትክክለኛው ሲሪንጅ ይሁን፣ ካርትሪጁም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየአራት ወሩ ይላክ የሚል ነው። አንዳንዶች ገንዘቡ ሁለት ማሽን መግዛት ሲችል ለምን አንድ ብለው ተቃውመዋል፤ ውሳኔው ከፋሲካ በኋላ ላለው ስብሰባ ተላልፏል። እስከዚያው ለሆስፒታሉ ላብራቶሪ ኃላፊ ሦስት ጥያቄ ልከናል፦ በወር ስንት ጽኑ የቀዶ ጥገና ሕሙማን አላችሁ፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ መብራት ሲጠፋ የማይቆም ፍሪጅ አለ ወይ፣ ሌሊት ላይ ናሙና የሚወስደው ማን ነው? መልሱ ገና አልደረሰንም።